ባሕር የማይደርስ ውሃ

የዛሬው ረዘም ይላል። ጊዜ ያለው ያንብበው፣ የሌለው ሴቭ አድርጎ ማታ ይመለስበት።

ነገሩ የተጀመረው እዚህ ወልቂጤ፣ ክፍል ውስጥ ነው። የባዮሎጂው መምህር ሳይመጣ ቀርቶ ክፍለ ጊዜውን እኔ ያዝኩለት። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። ስለ ዓሣ የማውቀው ቡታጅራ ሳድግ የበላሁትን ያህል ነበር። አንዷ ተማሪ ደብተሯ ሽፋን ላይ የባሕር ዓሣ ሥዕል ለጥፋለች፤ ቢጫ መደብ፣ ጥቁር መስመር፣ በኮራል መሀል የሚዋኝ። ሥዕሉን በጣቷ እየነካች «ቲቸር፣ የእኛ ዋቤ ባሕር የሚገባው የት ጋ ነው?» አለችኝ።

ልመልስላት አፌን ከከፈትኩ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። የትም አይገባም።

ዋቤ ግቤ ይገባል፣ ግቤ ኦሞ ይሆናል፣ ኦሞ ቱርካና ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ከቱርካና ዛሬ የሚወጣ ወንዝ የለም። በተራራው ማዶ፣ በእኛ በቡታጅራ በኩል ያለውስ? እሱም ያው ነው። ከጉራጌ ተራሮች ምሥራቃዊ ተዳፋት የሚወርደው ውሃ መቂ ወንዝ ይሆናል፣ መቂ ደምበል ይገባል (ደምበል ማለት ዝዋይ ነው፤ ከተማው ባቱ ሲባል ሐይቁ ደምበል ይባላል)፣ ከደምበል በቡልቡላ ወንዝ ወደ አቢያታ ይወርዳል፣ አቢያታ ላይ ፀሐይ ይጠጣዋል። ከ3,600 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ዘቢዳር ላይ የወረደ ዝናብ በቀኝም ሄደ በግራ፣ ጨዋማ ባሕር ሳያይ ነው የሚያልቀው።

ልጅቷ ትንሽ ቅር አላት። «ታዲያ የእኛ ዓሣ ከየት መጣ?» ብላ ጨመረችልኝ። ይሄኛውን ያን ቀን አልመለስኩም። እነሆ ከብዙ ንባብና ከሁለት የዝዋይ ጉዞ በኋላ የምመልሰው ለእሷም ለእናንተም ነው።

መጀመሪያ የባሕሩን ነገር ልጨርስ። ምጽዋና አሰብ ከኢትዮጵያ ጋር በነበሩበት ዘመን የቀይ ባሕር ዓሣ የአገር ውስጥ ዓሣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን አገራችን የባሕር ዳርቻ አልባ ሆነች። ከዚያ ወዲህ «ዓሣ» ስንል የሐይቅና የወንዝ ዓሣ ማለታችን ነው። የእኔ ትውልድ የባሕር ዓሣ የሚያውቀው በቆርቆሮ ታሽጎ ነው፤ ቱናና ሰርዲን። በትኩሱ የምናውቀው ግን ቆሮሶን ነው፤ ፈረንጅ ቲላፒያ የሚለውን። የዛሬው ባለታሪክ እሱ ነው።

ቡታጅራ ያደገ ሰው ቆሮሶ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል። በእንሴኖና በቆሼ አድርጎ፣ የማረቆን በርበሬ ማሳ አቋርጦ፣ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ከዝዋይ ይመጣል። ልጅ ሆኜ ሙሉ ጥብስ ሲመጣ ሳህኑን አልፎ ጭራው ጠረጴዛው ላይ ያርፍ ነበር። በዳጣ እያጠቀስን፣ እሾሁን እየለቀምን... አባቴ ግን አይነካም። «ውሃ ለጠጣው ውሃ ነው» ይል ነበር፤ ለሱ ምግብ ማለት ቆጮና ክትፎ ነው። ብዙ የጉራጌ አባቶች እንዲሁ ናቸው፣ አትፍረዱባቸው።

እኔም ቢሆን ቆሮሶን «የዝዋይ ነገር»፣ የሌላ አገር ዕቃ አድርጌ ነበር የማስበው። ለካ ተሳስቻለሁ።

ታሪክ ስናስተምር ሰነድ እንወዳለን፤ ብራና፣ ደብዳቤ፣ ሐውልት። ዓሣም ሰነድ ነው። ዓሣ ተራራ አይሻገርም። ውሃ ከውሃ ካልተገናኘ፣ ወይ ሰው ተሸክሞ ካላሻገረው፣ ካለበት አይወጣም። ስለዚህ አንድ ዓሣ በሁለት የተለያዩ ውሃዎች ውስጥ ከተገኘ፣ ወይ ድሮ ውሃዎቹ አንድ ነበሩ፣ ወይ የሰው እጅ አለበት። በዚህ መነጽር የተራራችንን ግራና ቀኝ ስናይ ነገሩ ይጣፍጣል።

በወልቂጤ በኩል የኦሞ ውሃ የሚያልቅበት ቱርካና በናይል ዓሣዎች የተሞላ ነው። አርባ ምንጮች ነጭ ዓሣ የሚሉት ትልቁ የናይል ፐርች አለ፤ ሌሎችም የግብፅና የሱዳን ዓሣ ዘመዶች አሉ። ምክንያቱ ደግሞ ይታወቃል። ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ዝናቡ የበዛበት ዘመን ነበር፤ ያኔ ቱርካና ሞልቶ በሶባት በኩል ወደ ናይል ይፈስ ነበር። በዚያ በር ገቡ፣ ዝናቡ ሲቀንስ በሩ ተዘጋ፣ እነሱም እዚያው ቀሩ።

በቡታጅራ በኩል ታሪኩ ሌላ ነው። ደምበል ውስጥ የናይል ፐርች የለም። በሩ የተከፈተው በሌላ አቅጣጫ ነበርና። ከዛሬ አሥር ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደምበል፣ ላንጋኖ፣ አቢያታና ሻላ አራት ሐይቅ አልነበሩም፤ አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ከዛሬው የውሃ ከፍታ ብዙ ሜትር በላይ የቀሩትን የድሮ ዳርቻዎችና የሐይቅ ደለሎች አጥንተው ነው ያረጋገጡት። ያ ትልቅ ሐይቅ ሲሞላ በሰሜን በኩል አፍ አውጥቶ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ስለዚህ የደምበል ቆሮሶ የቅርብ ዘመድ ያለው አዋሽ ውስጥ ነው። ዕድሜያቸውን በዓሣ ጥናት ያሳለፉት እንግሊዛዊቷ ኢቴልዊን ትሬዋቫስ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጡት መጽሐፍ የአዋሽንና የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችንን ቆሮሶ በአንድ ንዑስ ዝርያ፣ የቱርካናውን ደግሞ ለብቻው በሌላ መድበውታል። በኋላ የመጡ የዘረ መል ጥናቶች ምደባውን ማከራከራቸው አልቀረም፤ ያም ሆኖ ሐሳቡን እወደዋለሁ። በአንድ ተራራ ግራና ቀኝ የሚፈስ ውሃ፣ ሁለት የአጎት ልጆች፣ ሁለት የተለያየ የስደት ታሪክ። እኛ ጉራጌዎች ስደትን እናውቃለን መቼስ።

ዝርያውን ለዓለም የመዘገበው ግን ከዚያ ሁሉ በፊት ስዊድናዊው ሊኒየስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1758፣ በናይል ስም። ግብፆች ደግሞ ከሱ በፊት በሺህ ዓመታት አውቀውታል። መቃብራቸው ግድግዳ ላይ ሥለውታል፤ ዳግም የመወለድ ምልክት አድርገውታል። ለምን? መልሱ ያለው አፉ ውስጥ ነው።

የቆሮሶ ወንዱ ለመራባት ሲዘጋጅ ወደ ጥልቁ አይሄድም፤ ወደ ዳር ይመጣል። ጥልቀት በሌለው፣ አሸዋማ ወይ ለስላሳ ወለል ባለው ቦታ በአፉ እየዛቀ እንደ ሳህን የጎደጎደ ጎጆ ይሠራል፤ ሌላ ወንድ ሲጠጋ ያባርራል። ሴቷ መጥታ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ወዲያው በአፏ ትለቅመዋለች፣ እዚያው አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍለዋለች። ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ እህል ውሃ የለም፤ ማለቴ ውሃውስ አለ፣ እህሉ ነው የሌለው። ጫጩቶቹ ከወጡም በኋላ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው እናታቸው አፍ ውስጥ ይገባሉ። ግብፃዊው ገበሬ ከአንድ ዓሣ አፍ ውስጥ ብዙ ሕይወት ሲወጣ አይቶ ምን እንዳሰበ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ሁለተኛው ጉድ ሆዱ ነው። ቆሮሶ የሚበላው በአብዛኛው በውሃው ላይ አረንጓዴ ሆኖ የምናየውን ደቃቅ ዋቅላሚ ነው። ከዋቅላሚው ውስጥ አንዳንዱ ግድግዳው ጠንካራ ስለሆነ ብዙ ዓሣ አይፈጨውም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኡጋንዳ ጆርጅ ሐይቅ ላይ የተሠራ ጥናት የቆሮሶ ሆድ ዕቃ ከሎሚ ጭማቂ የሚበረታ አሲድ እንደሚያመነጭ አሳየ። በዚህ ነው የሚያሟሟው። እንግዲህ አስቡት፤ ሥጋ አይፈልግ፣ ሌላ ዓሣ አያሳድድ፣ ፀሐይና ውሃ ያበቀሉትን አረንጓዴ ወደ ሥጋ ይለውጣል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከመቶ በላይ አገሮች የሚያረቡት፣ ከሁሉም በላይ ቻይና በገፍ የምታመርተው በዚህ ምክንያት ነው። አፍሪካ ያበቀለችው ዓሣ ነው እንግዲህ።

እና ይሄ ዓሣ ደምበልን ለምን ወደደው? ደምበል ሰፊ ነው፤ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ። ግን እንደ ገበታ ጠፍጣፋ ነው። አማካይ ጥልቀቱ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታውም አሥር ሜትር አይሞላም። ፀሐይ እስከ ታች ያሞቀዋል፣ ነፋሱ ያማታዋል፣ ዳር ዳሩን ደንገልና ፊላ ከቦታል። ለቆሮሶ ጎጆውም፣ የልጆቹ መደበቂያም፣ ጓዳውም ያ ዳርቻ ነው። ልብ በሉ፣ ዳርቻው። ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የሰው ታሪክም በዚያው ዳርቻ ላይ ነው ያለው። ከሐይቁ በስተ ምዕራብ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ጋዴሞታ የሚባል ስፍራ አለ። እዚያ የተገኙት የባልጩት መሣሪያዎች ጥንታዊዎቹ ከ270,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አላቸው። ከቡታጅራ በሚኒባስ እየሄድን ሙዚቃ እየሰማን የምናልፈው አካባቢ ነው እኮ! የላሊበላን ያህል ባይሆን እንኳ አንድ ምልክት ሰሌዳ ልንጠብቅ አይገባም?

ከዚያ በኋላ የሚመጡት ዛዮች ናቸው። ደምበል ላይ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው። በደሴቶቹ ላይ ለዘመናት ተገልለው የኖሩት ዛዮች ዓሣ አጥማጆች ናቸው። የሚናገሩት ቋንቋ ከስልጢኛና ከወለንኛ ጋር የሚመደብ ነው፣ ሐረሪም የሩቅ ዘመዱ ነው። ማለትም ዘመዶቻችን ናቸው። በቃል ታሪካቸው በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ ቱሉ ጉዶ ላይ ተቀምጣለች። እውነትነቱን ለሊቃውንት ልተወው፤ ደሴቱ ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን ግን በደብረ ጽዮን ስም ነው የሚጠራው፣ የቆዩ ብራናዎችም አሉት። ከሐይቁ ዳር ተክል ታንኳ እያሰሩ፣ ተረተሩን እርከን እየሠሩ፣ ዓሣና እህል አጣምረው የኖሩ ሕዝብ ናቸው።

በሁለተኛው ጉዞዬ ባቱ የጀልባ ማቆሚያው ጋ አንድ አዛውንት አጥማጅ አገኘሁ። መረብ እየጠገኑ ነበር። «ጋሼ፣ የቆሮሶ ነገር እንዴት ነው?» አልኳቸው። ከጎናቸው ያለውን ባልዲ ገፋ አድርገው አሳዩኝ። አምባዛና ካርፕ። ከሥር ሦስት ቆሮሶ፣ የመዳፌን ያህል የሚሆኑ። «አንተ ታሪክ አስተማሪ ነኝ አላልክም? ቆሮሶ እንግዲህ ወደ አንተ ክፍል እየመጣልህ ነው» አሉኝ። ሳቅን። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

የሆነው እንዲህ ነው። አምባዛም ካርፕም ደምበል ውስጥ የጥንት ነዋሪ አይደሉም፤ ባለፈው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው የገቡት። ካርፕ መነሻው አውሮፓና እስያ ነው። አምባዛ ያገራችን ዓሣ ቢሆንም ደምበል ውስጥ አልነበረም። ካርፕ ምግቡን ፍለጋ የሐይቁን ወለል እየቆፈረ ውሃውን ያደፈርሳል፤ ወለሉ ደግሞ የቆሮሶ ጎጆ ያለበት ነው። አምባዛ ትንንሽ ዓሣ ይበላል። ቢሆንም ጥፋቱን ሁሉ በእንግዶቹ ላይ መለጠፍ ቀላል ነው፤ እኔ አላምንበትም። የአዲስ አበባ ገበያ ሲያድግ አጥማጁ በዛ፣ የመረቡ ዓይን ጠበበ፣ ከዳር የሚጎተት መረብ መጣ። ይሄ የመጨረሻው ከሁሉ የከፋ ነው። ጎጆውን፣ ጫጩቱን፣ ሣሩን ሁሉ ይዞ ነው የሚወጣው። አዋጅ ቁጥር 315/1995 የዓሣ ሀብትን ለመጠበቅ ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። አዋጅ ግን ሐይቅ ላይ አይዋኝም።

ሲጠመድ የኖረ ቆሮሶ ደግሞ አንድ ብልሃት አለው፤ ሳያድግ ይወልዳል። ትልልቆቹ ሲለቀሙ ቀድመው የሚደርሱት ናቸው ዘር የሚተዉት፣ እየቆየ የዓሣው ቁመት በሙሉ ያጥራል። ልጅ ሳለሁ ከሳህን ይተርፍ የነበረው ጭራ አሁን ቡታጅራ ላይ ሁለት ዓሣ በአንድ ሳህን ሆኖ ይመጣል። ባለቤቷን «እትዬ፣ ምነው አነሰ?» ስላት «እኔ አልወለድኩት» ነበር መልሷ። ትክክል ናት።

እስካሁን ያልኩት የዝዋዮች ጉዳይ ይመስላል አይደል? አሁን ወደ እኛ ልመልሰው።

ደምበልን የሚሞሉት ሁለት ዋና ወንዞች ናቸው፤ ከአርሲ የሚመጣው ከታርና ከእኛ የሚሄደው መቂ። መቂ ውስጥ የሚኖር አንድ ትንሽ ዓሣ አለ። አገጩ ሥር ክብ መጥመጫ አለው፣ ወንዙ ሲጋልብ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ ከድንጋዩ ላይ አረንጓዴውን እየፋቀ ይበላል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ይሠራ የነበረው ቡሌንጀር ይህንን ዓሣ ሲመዘግብ ስሙን በመቂ ሰየመው፤ ጋራ ማኪየንሲስ፣ የመቂው ጋራ እንደማለት ነው። ስንቶቻችን ነን የወንዛችን ስም በዓለም የሳይንስ መዝገብ ላይ እንዳለ የምናውቀው? እኔ ሠላሳ ምናምን ዓመቴ ድረስ አላውቅም ነበር። ለትምህርት ቤት ጥያቄና መልስ ውድድር አስቀምጬዋለሁ፤ ተማሪዎቼ ይሄን ካነበባችሁ ጉዳችሁ ፈላ።

ወንዙ ግን የድሮው ወንዝ አይደለም። ተዳፋቱ ሲራቆት አፈሩ ታጥቦ ይወርድና ደምበል ዳርቻ ላይ ይተኛል፤ ያ የጎጆው ዳርቻ። በበጋ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ፓምፑ ተደርድሯል፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ጎመን። ከሐይቁም ራሱ እንዲሁ ይቀዳል። ገበሬውን አልወቅስም፣ የእኔም ዘመዶች ፓምፕ አላቸው፣ ያ ሽንኩርት ነው የእኔን ወጥ የሚሠራው። ግን ሁለት ሜትር ተኩል ጥልቀት ባለው ሐይቅ ላይ አንድ ሜትር ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። መጀመሪያ የሚደርቀው መሀሉ አይደለም። ዳሩ ነው።

ይሄ ፍርሃት የፈጠራ አይደለም፤ የታየ ነው። አቢያታ የደምበል ታናሽ ወንድም ነው፣ የሚኖረው በቡልቡላ በሚወርድለት ትርፍ ውሃ ነው። እዚያም ቆሮሶ በብዛት የሚጠመድበት ዘመን ነበር። ሻላ ደሴት ላይ የሚፈለፍሉት ፔሊካኖች ተራራውን እየተሻገሩ ለልጆቻቸው ዓሣ የሚለቅሙት ከአቢያታ ነበር። ከላይ የሚመጣው ውሃ ሲቀንስ፣ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ምርት ሲወሰድ፣ አቢያታ እየሸሸ እየሸሸ ጨዋማነቱ ከረረ። ቆሮሶ ጨው ይችላል፤ ከብዙ የወንዝ ዓሣ ይልቅ ይችላል። ግን ወሰን አለው፤ ወሰኑ ታለፈ፣ ዓሣው አለቀ። ፔሊካኖቹ ምግብ ፍለጋ ደምበል ድረስ መብረር ጀመሩ። የባሕር ዳርቻ የሌለን ሰዎች፣ ሐይቃችንን ራሳችን ባሕር አደረግነው፤ ዓሣ የሌለው ባሕር።

ወደ ክፍሌ ልመለስ። ከዝዋይ ስመጣ አንዱን ቆሮሶ በላስቲክ ይዤ መጣሁ። የባዮሎጂው መምህር ተመልሶ ስለነበር ቅርፊቱን በማይክሮስኮፕ እናሳያቸው ብዬ ለመንኩት። የዓሣ ቅርፊት እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት አለው፤ በእኛ ዓይነት ሞቃት አገር ቀለበቱ እንደ ብርድ አገሩ ጥርት ብሎ ዕድሜ አይናገርም፣ ግን መቼ እንደደላው መቼ እንደከፋው ትንሽ ይጠቁማል። ልጆቹ ተሰለፉ። አንዱ ሦስት ቆጠርኩ አለ፣ ሌላው አምስት፣ ክርክር ሆነ። መዳፍ የማታህል ዓሣ፣ ግን ሕፃን አልነበረችም። ሆዷን ስንከፍተው እንቁላል ነበራት።

ያቺ ባለ ሥዕሏ ልጅ እስከ መጨረሻው ቆየች። ደብተሯ ላይ ያለውን የባሕር ዓሣ አላነሳችውም፤ ከሥሩ ግን በእርሳስ ተራራ ሥላለች፣ ከተራራው በግራና በቀኝ ሁለት ወንዝ፣ በየወንዙ ጫፍ ሐይቅ። በቡታጅራ በኩል ቆሮሶ አስቀምጣለች። በወልቂጤ በኩል ያለው ሐይቅ ባዶ ነበር። «ቲቸር፣ ዋቤ ላይስ ምን ልሣል?» አለችኝ።

ቅዳሜ ከአሥር ልጆችና ከባዮሎጂው መምህር ጋር ዋቤ ድልድይ ሥር እንወርዳለን። ዋቤ ላይ በመንጠቆ የምታጠምዱ፣ ወይም አባቶቻችሁ ያጠምዱ የነበረ የወልቂጤ፣ የጉብሬና የእምድብር ልጆች ካላችሁ፣ ምን ዓሣ እንደምታወጡና በሰፈራችሁ ምን ብላችሁ እንደምትጠሩት ከታች ጻፉልኝ። ፎቶ ያለው ደግሞ በውስጥ መስመር ይላክልኝ።